የሁለት ተማሪዎች ጥያቄና አንድ ትልቅ ቁጥር

በ1985 ዓ.ም. በምዕራብ ሐረርጌ፣ በመሰላ፣ ለጋ የሒሳብ መምህር ነበርሁ። በየካቲት ወር አንድ ቀን በአንድ ዴስክ የሚቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ጥያቄ ይዘውልኝ መጡ። አንደኛው ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ሙስሊም ነበሩ። ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 15 ገብቶ ነበር፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገባ። በረፍት ሰዓት ሌሎቹ ቆሎና ሳምቡሳ ፍለጋ ሲሮጡ እነዚህ ሁለቱ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ባዶ ሆዳቸውን፣ አንድ ደብተር ላይ አጎንብሰው ሲከራከሩ አያቸው ነበር።

«ቲቸር፣» አለኝ አንደኛው፣ «የእኛ ጾምና የእነሱ ጾም እንዲህ አብረው የሚገቡት በስንት ዓመት አንዴ ነው?»

ጓደኛው ቀበል አድርጎ፣ «ቀኑም፣ ጨረቃውም፣ ሁሉም ነገር ልክ እንደ ዘንድሮው ሆኖ የሚመለሰውስ መቼ ነው?» አለ።

ደብተሩን አየሁት። በአንድ በኩል 532 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ልጁ ከቄስ አያቱ የተማረው ነው። በሌላው በኩል 30 የሚል አለ፤ ጓደኛው ከአንድ ደረሳ የሰማው ነው። ከታች ሁለቱን ለማገናኘት የሞከሩበት ብዙ ስርዝ ድልዝ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ከኮሌጅ በወጣሁበት ኩራት፣ «ይህ የሃይማኖት ነገር ነው፤ ሒሳብ አይደለም። ወደ ቦታችሁ ተመለሱ» አልኳቸው። ከዚያም ጀርባዬን ሰጥቼ የዕለቱን ትምህርት በሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። ትምህርቱ ስለ ትንሹ የጋራ ብዜት ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ያ መልሴ ስሕተት እንደ ነበረ ለመናገር ነው። ስሕተቱ ደግሞ የእኔ ብቻ አይመስለኝም። የቁጥር እውቀታችንን ከሁለት ዓይነት ሰው መካከል ጥለነዋል። አንደኛው የምሥጢር ካባ ደርቦለት ከመመርመር ያግደዋል፤ ሁለተኛው የትምህርት ቤት ካባ ደርቦ የአያቶቹን ስሌት «ሒሳብ አይደለም» ይላል። እኔ ሁለተኛው ነበርሁ። የሁለቱም ፍጻሜ ግን አንድ ነው፦ ልጁ ደብተሩን ያጥፋል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ነበርሁ። ሰኞ መጋቢት 2 ቀን ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ዕለት ገቡ። ሰው ሁሉ ይገረም ነበር። አንዱ «በሺህ ዓመት አንዴ የሚሆን ነው» ይላል፤ ሌላው «ምልክት ነው» ይላል፤ የመልካም ነው የሚልም የክፉ ነው የሚልም አልጠፋም። በዚያ ሳምንት ከአንድ የሸቀጥ ሱቅ ደጃፍ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ተነሥቶ ጨበጠኝ። የሰላምታው ርዝመት እስኪያልቅ ድረስ አላወቅሁትም ነበር።

«ቲቸር፣ ረሱኝ? ያ የደብተሩ ልጅ ነኝ እኮ። እነሆ እንደገና ገባ፤ አሁንስ በአንድ ቀን! መልሱን አገኙት?»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ያለ ምንም ቅሬታ፣ እንደ ተራ ነገር፣ «ያኔ ሒሳብ አይደለም ሲሉን እኛም ተውነው» አለኝ። ያቺ «ተውነው» የምትል ቃል እስከ ማደሪያዬ ተከተለችኝ። በዚያ ሌሊት ወረቀት አውጥቼ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የቀረበልኝን ጥያቄ መሥራት ጀመርሁ።

ከ532 እንነሣ። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ሦስት ነገሮች በየራሳቸው ዙር ይዞራሉ። የሳምንቱ ዕለታት 7 ናቸው። ወንጌላውያኑ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ 4 ናቸው፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። የፀሐይና የጨረቃ ሒሳብ ደግሞ በ19 ዓመት ይገናኛል። 7ን በ4 ብናበዛ 28 ይሆናል፤ ዐውደ ፀሐይ የሚባለው ይህ ነው። 4ን በ19 ብናበዛ 76 ይሆናል፤ ዐውደ ማኅተም ይባላል። ሦስቱንም ብናበዛ 532 እናገኛለን፤ ይህ ዐቢይ ቀመር ነው። ከ532 ዓመት በኋላ ዕለቱም፣ ወንጌላዊውም፣ የጨረቃው ሌሊትም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ፋሲካ በ2018 ዓ.ም. በሚያዝያ 4 ዋለ፤ ከ532 ዓመት በፊት፣ በ1486 ዓ.ም.፣ በአፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት ማብቂያም በሚያዝያ 4 ውሎ ነበር፤ በ2550 ዓ.ም.ም በዚሁ ቀን ይውላል።

ስሌቱን ለማየት 2018ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ስንቀንስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አበቅቴ ነው። 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ሆኑ፤ 11 እና 19 ድምራቸው 30 ስለ ሆነ ይህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 18 ላይ ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7 ተደምረው 25 ይሆናሉ። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። ከዚያ በ14ኛው ቀን፣ የካቲት 9፣ ዐቢይ ጾም፤ በ69ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ።

ይህ ሒሳብ ካልሆነ ሒሳብ ምንድን ነው? «መግደፍ» የምንለው ሥራ በዩኒቨርሲቲ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ ኮርስ ውስጥ በክብር የሚማሩት የቀሪ ስሌት ነው። በጥንታዊ ቻይና የሱን ዙ ስም ያለበት የሒሳብ መጽሐፍ፣ በ3 ሲካፈል 2፣ በ5 ሲካፈል 3፣ በ7 ሲካፈል 2 የሚተርፈውን ቁጥር ይጠይቃል። መልሱ 23 ነው፤ ከዚያ በኋላ 105 እየተጨመረ 128፣ 233 እያለ ይሄዳል። ዓለም በዚህ ጥያቄ ምክንያት አንድን ቲዎረም በቻይና ስም ይጠራል። የእኛም ዐቢይ ቀመር ሥራው ይኸው ነው። 7518 በ28 ሲገደፍ 14፣ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል። በ532 ዓመታት ውስጥ እነዚህን ሁለት ቀሪዎች አንድ ላይ የያዘ ዓመት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም 70ኛው ነው። 14 ሙሉ ዐቢይ ቀመሮች በ1948 ዓ.ም. ተፈጽመው በ1949 ዓ.ም. 15ኛው ጀምሯልና፣ 2018 የዚህ ዙር 70ኛ ዓመት ነው። ሁለት ትንንሽ ቀሪዎች ከአምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት መካከል አንዱን ነቅሰው ያወጣሉ።

አሁን ወደ ልጆቹ ጥያቄ። በጓደኛው በኩል የተጻፈው 30 የሂጅራ አቈጣጠር የስሌት ዙር ነው። የጨረቃው ዓመት 354 ቀን ነው፤ በ30 ዓመት ውስጥ 11ዱ ዓመታት አንድ አንድ ቀን ተጨምሮላቸው 355 ይሆናሉ። እንግዲህ የቸኮለ ሰው፣ እኔም በዚያ ሌሊት መጀመሪያ ላይ እንዳደረግሁት፣ የ532ንና የ30ን ትንሹን የጋራ ብዜት ይፈልጋል። 7980 ያገኛል። ውብ ቁጥር ነው። በ1583 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሊቅ ስካሊገር 28ን፣ 19ንና 15ን አብዝቶ ለዘመን መቍጠሪያ የመረጠው ቁጥርም 7980 ነው፤ የእኛም 15ኛው ዐቢይ ቀመር የሚፈጸመው በዓመተ ዓለም 7980 ነው።

ለልጆቹ ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም። የአንዱ ዓመት የሌላው ዓመት አይደለምና። 532ቱ የፀሐይ ዓመታት ናቸው፤ 30ዎቹ የጨረቃ ዓመታት ናቸው። ጤፍና ቡና በአንድ ጣሳ ቢሰፈሩም አይደመሩም። ሁለቱ ጎረቤቶች የሚጋሩት ዓመትን ሳይሆን ቀንን ነው፤ ፀሐይ ለሁለቱም እኩል ትወጣለች፣ እኩል ትጠልቃለች። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ቀን መመንዘር ያስፈልጋል።

532 ዓመት በ365 ሲባዛ 194,180 ቀን ነው። በዚህ ዘመን 133 ጊዜ ጳጉሜን 6 ትሆናለችና ድምሩ 194,313 ቀን ነው። በግዕዝ አኃዝ ፲፱፼፵፫፻፲፫ ተብሎ ይጻፋል፦ 19 እልፍ፣ 43 መቶ፣ 13። የጨረቃው የአቈጣጠር ዓመት 19 በቁጥሩ ደጃፍ ላይ ቆሞ ማየት ያስደስታል፤ ይህ ግን አጋጣሚ ነው፤ በአጋጣሚና በምክንያት መካከል መለየት ከሒሳብ የምንማረው የመጀመሪያው ጨዋነት ነው። ምክንያት ያለው ውበት ከውስጥ ነው። ቁጥሩን ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ ስንተነትነው 3፣ 7፣ 19 እና 487 ይወጣሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ። 7 የሳምንቱ ነው፤ ስለዚህ ዐቢይ ቀመር በሙሉ ሳምንታት ያልቃል። 19 የጨረቃው ነው። 3 እና 487 ሲባዙ 1461 ይሰጣሉ፤ ይህ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያሉት የአራቱ ዓመታት ቀኖች ቁጥር ነው። ቁጥሩን ፈትተን የሠሩትን እጆች እናገኛለን።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር አለ። 194,313ን በ7 ስናካፍለው 27,759 ሳምንት ይሆናል። 76 ዓመትም በቀን ሲቆጠር 27,759 ቀን ነው። ስለዚህ አንድ ዐውደ ማኅተም ያለው ቀን፣ ዐቢይ ቀመር ካለው ሳምንት ጋር እኩል ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ 532 የ76 ሰባት እጥፍ ነው። ይሁንና 76 ዓመት ዕድሜ ጠገብ የሚባል የአንድ ሰው ዘመን ነውና፣ የአንድን ሽማግሌ ቀኖች ሁሉ ወደ ሳምንት ብንለውጣቸው ዐቢይ ቀመር ይሞላ ነበር ብዬ ሳስብ ልቤ ይነካል።

የጓደኛው ዙር በቀን ስንት ነው? 30 ጊዜ 354፣ ሲደመር 11፦ 10,631 ቀን። በግዕዝ አኃዝ ፼፮፻፴፩። ይህን ቁጥር በ3 ሞከርሁት፤ እምቢ አለ። በ7፣ በ11፣ በ13 ሞከርሁት። በ103 ከሞከርሁት በኋላ ብርጭቆ ውኃ ጠጥቼ ተቀመጥሁ፤ 103 በራሱ ሲባዛ 10,609 ነው፤ ከዚያ በላይ መሞከር አያስፈልግም። 10,631 ከራሱና ከ1 በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር ነው። በአማርኛ ይህን ዓይነት ቁጥር «ብቸኛ» ብሎ የሰየመው ማን እንደሆነ እግዜር ይስጠው። አንደኛው ቁጥር በአራት እጆች የተሠራ ነው፤ ሌላው የማይከፈል አንድ ድንጋይ ነው። ሁለቱ በምንም የጋራ አካፋይ አይገናኙም።

የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ደግሞ በአቋራጭ አይገናኙም። ትንሹ የጋራ ብዜታቸው ሙሉው ብዜታቸው ነው። 194,313ን በ10,631 አበዛሁ፤ ሦስት ጊዜ አጣራሁት፦

2,065,741,503 ቀን።

በግዕዝ ፳፼፷፭፻፸፬፼፲፭፻፫። ሁለት ቢሊዮን ከስድሳ አምስት ሚሊዮን በላይ ቀን ነው። በእኛ ዓመት 5,655,692 ዓመት፣ በሂጅራ ዓመት 5,829,390 ዓመት ይሆናል። ለአንድ ቀን ሳያንስና ሳይበልጥ አንዱ ጎረቤት ከሌላው 173,698 ዓመት የሚበልጥ ይቈጥራል። አካፋዮቹ አምስት ናቸው፦ 3፣ 7፣ 19፣ 487 እና 10,631። ሳምንቱም በውስጡ ስላለ ዕለቱ እንኳ አይዛነፍም። ልጁ «ሁሉም ነገር ልክ እንደ ዘንድሮው ሆኖ» ያለው ይህ ነው። እንግዲህ ለጥያቄው መልስ አለው፤ በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜም ይሠራ ነበር። በዚያ ቀን በሰሌዳዬ ላይ የነበረው ርዕስ ራሱ ነበር መልሱ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። ይህ ቀን በእውነት አይመጣም። ረመዳን የሚገባው ሰው ጨረቃን አይቶ ነው እንጂ በሠንጠረዥ ብቻ አይደለም። የ19 ዓመቱም ዙር ከሰማይዋ ጨረቃ ጋር በጥቂቱ ይለያያል፤ ልዩነቱ ከ300 ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ያህል ይሆናል። በአምስት ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ሁለቱም አቈጣጠሮች ከሰማይ ጋር ብዙ ጊዜ ይጣላሉ። ታዲያ ለማይመጣ ቀን ይህን ሁሉ ማባዛት ለምን?

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህን ሊጠይቁኝ አይገባም። ያልተወለደ ሰው ታሪክ አንብበን እናለቅሳለን፤ ያልሆነውን ነገር የምናነበው የሆነውን እንድናይበት ነው። ይህም ቁጥር እንዲሁ ነው። ሁለት ሥርዓቶች ከየት መጥተው የት እንደሚገናኙ፣ በምን እንደሚመሳሰሉ፣ በምን እንደማይተካኩ ያሳያል። ደግሞም «በሺህ ዓመት አንዴ» ለሚለው ሐሜት ሁለት ጊዜ መልስ ይሰጣል፤ ሙሉው ግጥጥሞሽ ከሺህ ዓመት እጅግ ይርቃል፤ የጾሞቹ አብሮ መግባት ደግሞ ከሺህ ዓመት እጅግ ይቀርባል።

የሚቀርበውን ልንገራችሁ። በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ከዚያ በ2016፣ በ2017 እና በ2018 ዓ.ም.፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ። ከ1985 እስከ 2016 ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። ምክንያቱ ያቺ የአበቅቴ 11 ናት። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። ዐቢይ ጾምም በጨረቃ የተቀመረ ስለ ሆነ፣ አዲስ ጨረቃ በምትወለድበት አካባቢ እየገባ፣ ዕለተ ሰኞን ሳይለቅ፣ አብሮ ወደ ኋላ ይመጣል። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ ግን ዐቢይ ጾም ወቅቱን ላለመልቀቅ ወደ ፊት ይዘላል፤ ረመዳን አይዘልም። በዚያች ዝላይ ይለያያሉ። አንደኛው በየካቲትና በመጋቢት መጀመሪያ መካከል ይቀራል፤ ሌላኛው ክረምቱንም፣ የመኸሩንም፣ የቡና ለቀማውንም ወራት ሁሉ ጎብኝቶ፣ ከ33 የፀሐይ ዓመት ያህል በኋላ 34 የጨረቃ ዓመት ቈጥሮ ይመለሳል። ልዩነቱ 5 ቀን ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ «አበቅቴ» እያለ የሚቀምረው የደብር ሊቅና ጨረቃ ለማየት ኮረብታ የሚወጣው ሸኽ አንዲቱን 11 ይዘው ኖረዋል። አንደኛው ትርፏን በ19 ዓመት ያስተካክላታል፤ ሌላኛው እንደመጣች ይቀበላታል። በመሰላ በአንድ ግቢ የሚኖሩ፣ አንዱ የሌላውን በዓል ቀን ከልጅነቱ የሚያውቅ፣ ቡናና ማሽላ የሚበዳደሩ ሰዎች ይህን በኑሯቸው ያውቁታል። የሚጎድለው በቁጥር መናገሩ ነው።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ባሕረ ሐሳብ በሒሳብ ክፍል ውስጥ ሊገባ ይገባል፤ የሂጅራው ዙርም ከጎኑ። በሃይማኖት ትምህርትነት አይደለም፤ በሒሳብነቱ ነው። ትንሹን የጋራ ብዜት ለማስተማር ከየትም የመጡ ባቡሮችና የውኃ ቧንቧዎች አያስፈልጉንም፤ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው ጥያቄ ይበቃል። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የሥነ ፈለክና የዘመን ቀመር አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም «ባሕረ ሐሳብ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን በአማርኛ አበርክተውልናል። የውጭው ሊቅ ሒሳብ ነው ብሎ የደከመበትን፣ የአገራችን ሊቅ ቅርሳችን ነው ብለው ያስረከቡንን፣ እኔ በሰሌዳ ፊት ቆሜ አይደለም አልሁ።

ምሥጢር ነው ለሚሉትም አንድ ቃል አለኝ። 532ን የምታከብሩት ከሆነ አካፍሉት። ቁጥር ሲፈታ ክብሩ አይቀንስም። የ7፣ የ4 እና የ19 ብዜት መሆኑን ያወቀ ሰው ከማያውቀው ይልቅ ይደነቃል፤ የቀመሩት አባቶች ያለ ዜሮ፣ ያለ ወረቀት ብክነት፣ በቃል ይዘው እንደሠሩት ያያልና። ትንቢት ፈልጎ ቁጥር የሚያሻሽ ሰው ግን ቁጥሩን አይሰማም፤ የራሱን ድምፅ ነው የሚሰማው። በአንድ ቀን የገቡ ሁለት ጾሞች ምልክት ይሆኑ ዘንድ ብርቅ መሆን የለባቸውም። በየትውልዱ የሚመጣ ነገር ለጎረቤት ፍቅር ምክንያት ለመሆን አያንስም።

መልሱን በአንድ ገጽ ጽፌ ለዚያ ለባለ ሱቁ ሰጠሁት። 2,065,741,503ን አንብቦ ረጅም ሳቅ ሳቀ፤ «ወላሂ፣ ለዚህስ አልደርስም» አለ። ከዚያም ስልኩን አንሥቶ ለዚያ ለጥንት የዴስክ ጓደኛው ደወለ፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበለት፤ ከወዲያኛው ጫፍ ተከራካሪ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ስልኩን ሳይዘጋ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እሱ የሚለው፣ ልጆቻችን ሁለቱን ጾሞች አብረው የሚያዩትስ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይህኛውን በቃሌ ይዤው ስለነበር ወዲያው መለስሁለት፤ አሁን ለእናንተም ከነ ስሌቱ ልጻፈው። በ2049 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ዓለሙ 7549፤ በ19 ሲገደፍ 6፤ ወንበሩ 5፤ መጥቅዑ 5፤ ዕለቱ እሑድ ጥቅምት 5፤ ተውሳኩ 7፤ ነነዌ የካቲት 12፤ ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 26። በስሌቱ መሠረት ረመዳንም በዚያው ሳምንት ይገባል፤ ጨረቃዋን ግን ወጥቶ ማየት የእነሱ ፋንታ ነው።